ነፋሱን ሲፈሩ ውኃው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚያተኩረው ሃሪኬን የሚባለው ከሞቃት ውቅያኖስ ላይ የሚነሣ ከባድ አውሎ ነፋስ፣ እምብዛም ወደማይደርስበት አካባቢ ሲቃረብ ሰው ላይ በሚያድረው ጭንቀት ላይ ነው። በፍሎሪዳ ወይም በሉዊዚያና የባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው በየዓመቱ ከጁን እስከ ኖቬምበር የሃሪኬን ወቅት መሆኑን ያውቃል። መስኮት የሚሸፍንበት እንጨት ጓዳው ውስጥ አለ፤ የሚሸሽበትን መንገድም ያውቀዋል። ከባሕር ርቆ በተራራ ላይ የሚኖር፣ ወይም እንደ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ባሉ ከተሞች ሥራውንና ኑሮውን ይዞ የሚውል ሰው ግን ድንገት ስልኩ ላይ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲጮህ ምን እንደሚመጣበት በዓይነ ኅሊናው መሳል ይቸግረዋል። ከእነዚህ ከተሞች በአንዳንዶቹ በርካታ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። ለመንደርደሪያ ያህል አንድ ነገር ላስታውስ፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ሃሪኬንን የማያውቅ ሰው ሃሪኬን ሲቀርበው መፍራቱ ተገቢ ነው፤ ሊያፍርበትም ሆነ ሊደብቀው አይገባም። ጉዳቱ የሚመጣው ፍርሃቱ የተሳሳተ ነገር ላይ ሲያነጣጥርና ከተግባር ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ነው። ሰዉ የሚፈራው ነፋሱን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ግን ውኃው ነው። ስለዚህ ለተጨነቀ ሰው «አይዞህ፣ አትፍራ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ምኑን መፍራት እንዳለበትና ፈርቶም ምን ማድረግ እንደሚችል መንገር ይበልጥ ያረጋጋዋል፤ ሕይወቱንም ያተርፋል።

በመጀመሪያ ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይታሰብ ይመታል፤ ሰው የሚጨነቀው በአመዛኙ ካለፈ በኋላ ነው። ሃሪኬን ግን ቀጠሮ ይዞ ይመጣል። ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል የአውሎ ነፋሱ መሐል በየት በኩል እንደሚያልፍ ከቀናት በፊት መተንበይ ይጀምራል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ሆኖም ለእነዚያ ቀናት ሰው «ይመጣል ወይስ ያልፈናል?» በሚል ጥያቄ ተንጠልጥሎ ይሰነብታል። መንጠልጠሉ ራሱ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በ2016 የታተመ አንድ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ከድንጋይ ሥር እባብ ይኖር እንደሆነ እየገመቱ፣ እባብ በተገኘ ቁጥር እጃቸውን የሚያሳምም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሳቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ ላባቸውንና የዓይናቸውን ብሌን መስፋት ሲለኩ፣ ጭንቀቱ ጣሪያ የነካው ንዝረቱ የመምጣት ዕድሉ ሃምሳ በመቶ በሆነበት ጊዜ ነው። ንዝረቱ እንደማይቀር ያወቀው ሰው እንኳ እርግጠኛ ካልሆነው ይልቅ ረጋ ብሎ ነበር። እንግዲህ ሃሪኬን በሚጠበቅባቸው ቀናት እንቅልፍ ያጣ ሰው ፈሪ ወይም ደካማ ሆኖ አይደለም። የሰው አካል እርግጡን ሲያጣ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። በለመዱት አካባቢዎች ደግሞ ጥያቄው በከፊል አስቀድሞ ተመልሷል፤ የት እንደሚሸሹ፣ ምን እንደሚገዙ፣ ማንን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ። ላልለመደው ግን አውሎ ነፋሱ መምጣቱም፣ ቢመጣ የሚያደርገውም፣ ራሱ የሚወስደው እርምጃም አንድ ላይ ያልተፈቱ ጥያቄዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ታዲያ የት ላይ ነው የሚያርፈው? በዜና የምንሰማው ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት እያለ እስከ አምስት የሚደርሰው መለኪያ ኸርበርት ሳፊር በተባለ መሐንዲስና ሮበርት ሲምፕሰን በተባለ የአየር ጠባይ ባለሙያ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ዛሬ የሚለካው የነፋስ ፍጥነትን ብቻ ነው። ስለ ዝናቡ መጠንም ሆነ ባሕሩ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል አይነግረንም። ማዕከሉ በሚያወጣው ካርታ ላይ እየሰፋ የሚሄደው ነጭ ጥላም የሚያመለክተው የአውሎ ነፋሱ መሐል ሊያልፍ የሚችልበትን መንገድ ነው፤ ዝናቡና ጎርፉ ከዚያ ጥላ ውጪ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ሊወርድ ይችላል። የሟቾቹ መዝገብ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። የሃሪኬን ማዕከሉ ባለሙያ የነበረው ኤድዋርድ ራፓፖርት ከ1963 እስከ 2012 በአሜሪካ በእነዚህ አውሎ ነፋሶች ቀጥተኛ ጉዳት የሞቱትን ሰዎች ሲመረምር፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሞቱት በውኃ መሆኑን አገኘ፤ ወይ ነፋሱ ወደ የብስ በሚገፋው የባሕር ውኃ፣ ወይ በዝናብ ጎርፍ፣ ወይም በማዕበል። በነፋስ የሞቱት ከአሥር በመቶ አይበልጡም። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ለዚሁ ነው። ነፋስ ይጮኻል፣ ዛፍ ይጥላል፣ ቆርቆሮ ይገነጥላል፤ ውኃ ግን ድምፁን አጥፍቶ በበሩ ሥር ይገባል። ተመራማሪው ሮበርት ሜየርና የሥራ ባልደረቦቹ በ2012 አይዛክና ሳንዲ የተባሉት ሃሪኬኖች እየቀረቡ ሳሉ ለየአካባቢው ነዋሪዎች እየደወሉ ባደረጉት ጥናትም፣ ውኃ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ ዋናው ሥጋታቸው ነፋስ ነበር። ይህን ሰው «በቂ አልፈራህም» ማለት አይቻልም፤ ፍርሃቱ ነፋሱ ላይ አርፎ ውኃውን አላየውም።

ይህን ከማንኛውም ቦታ ይበልጥ ያሳየችው አሽቪል ናት። አሽቪል በኖርዝ ካሮላይና ምዕራባዊ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል 650 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር መራቋንና አየሯ መቀዝቀዙን እያዩ ብዙዎች የአየር ንብረት ለውጥ የማያስቸግራት መሸሸጊያ አድርገው ይቆጥሯት ነበር። ሃሪኬን ኸሊን በሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ምሽት ፍሎሪዳ ውስጥ ፔሪ በተባለች ከተማ አቅራቢያ በደረጃ አራት የብስ ስትነካ፣ አሽቪል ከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቅ ነበር። ይሁን እንጂ ኸሊን ከመድረሷ በፊት በተራሮቹ ላይ ዝናብ መጣል ጀምሮ መሬቱ ውኃ ጠጥቶ ነበር። ሃሪኬኗ ስትደርስ የተራሮቹ ተዳፋት እርጥቡን አየር ወደ ላይ እየገፋ ዝናቡን አበዛው። ቢዚክ በተባለች ቦታ በሦስት ቀን ውስጥ የወረደው ዝናብ ከ750 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ ይበልጣል። በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ የሚወርደው ውኃ ደራሽ ጎርፍ ሆነ፣ ገደሉ ተናደ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ የከተማዋ ዋና የውኃ ቧንቧዎች ሳይቀሩ ታጥበው ሄዱ። ነዋሪዎቹ ከቧንቧ ሳያፈሉ የሚጠጣ ውኃ ያገኙት ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ጊዜ ካለፈ በኋላ በኖቬምበር 18 ነው። ኸሊን በአሜሪካ በጠቅላላው ወደ 250 ሰዎችን ስትቀጥፍ፣ ከእነዚህ ከመቶ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በኖርዝ ካሮላይና ነው፤ የበዙትም ሰዎች ሃሪኬን ያሰጋናል ብለው በማያስቡባቸው ምዕራባዊ ተራሮቿ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ትንበያው አልተሳሳተም። የአካባቢው የአየር ትንበያ ጽሕፈት ቤት ዝናቡ ከመክበዱ በፊት የሚመጣው ጎርፍ በ1916 አሽቪልን ካጥለቀለቀው ታሪካዊ ጎርፍ ጋር የሚወዳደር እንደሚሆን ግልጽ አድርጎ አስጠንቅቋል። ነገር ግን የ1916ቱን ጎርፍ ያየ ሰው በሕይወት አልነበረም ማለት ይቻላል። ማስጠንቀቂያው ለጆሮ ደረሰ እንጂ ለዓይነ ኅሊና አልደረሰም። «ታሪካዊ ጎርፍ» የሚለው አነጋገር ከወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ሳሎን ውስጥ ውኃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ መንገዱ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አልነገረውም። ያልለመደ አካባቢ ችግሩ ይህ ነው፤ ጭንቀቱ አለ፣ መረጃውም አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ልምድ የለም።

ከተራራው ወደ ከተማ እንምጣ። አይዳ የተባለችው ሃሪኬን በኦገስት 29 ቀን 2021 ሉዊዚያናን መታች። በሦስተኛው ቀን ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ኒውዮርክ ስትደርስ ሃሪኬን መባሏ ቀርቶ ነበር፤ ነፋሷ ደክሟል። በሴንትራል ፓርክ ግን በአንድ ሰዓት ብቻ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ። በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ ሕይወታቸው ያለፈው በቤዝመንት ውስጥ ነው። የምድር ቤት ክፍል እንዴት ወጥመድ እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። ደረጃው ከመንገድ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎዳናው ጎርፍ መጀመሪያ የሚሞላው ያንን ጉድጓድ ነው። በሩ ወደ ውጪ የሚከፈት ከሆነ ከደጅ የተጠራቀመው ውኃ ገፍቶ ይይዘዋል፤ ጉልበት ድረስ የቆመ ውኃ ብዙ ጎልማሳ ሰው ታግሎ የማይከፍተው ክብደት አለው። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜም የብረት ፍርግርግ አለበት። መብራቱ ይጠፋል። በዚያው ቀን ገና ሳይነጋ ሜሪላንድ ውስጥ ሮክቪል ከተማ በሚገኙ የምድር ቤት አፓርትመንቶች ጎርፍ ገብቶ አንድ ወጣት ሞቷል። ሮክቪል የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት መሆኑን አድማጮቻችን ያውቃሉ፤ ኪራዩ ስለሚቀንስ ቤዝመንት ለአዲስ መጪ የመጀመሪያው ማረፊያ መሆኑም እንግዳ ነገር አይደለም። ለእንዲህ ያለ ተከራይ «ሃሪኬኑ ደረጃ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅመውም። «ውኃ ቢገባ በየት እወጣለሁ? ከበላዬ የሚኖረውን ሰው በር አንኳኩቼ ማደር እችላለሁ?» የሚለው ግን ሕይወቱ ነው።

አሁን ይህን ሐሳብ ወደሚቃወሙ ክርክሮች ልለፍ። የመጀመሪያው፣ ሰውን በውኃ ማስፈራራት ድንጋጤን ያባብሳል፤ የተደናገጠ ሕዝብ ደግሞ እርስ በርሱ ይረጋገጣል የሚል ነው። አስተሳሰቡ ከፊልም የመጣ ይመስላል። ኤንሪኮ ኳራንቴሊ በ1963 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር የአደጋ ጥናት ማዕከል ካቋቋመ ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰዎች በአደጋ ጊዜ የሚያደርጉትን ሲመረምር፣ የጅምላ ድንጋጤ በጣም ብርቅ ሆኖ አግኝቶታል። ሰው በአደጋ ጊዜ በአብዛኛው ቤተሰቡን ይፈልጋል፣ ጎረቤቱን ይጠራል፣ የወደቀውን ያነሣል። ሆኖም የክርክሩ አንድ ጎን እውነት አለው፤ መውጫ ያልተነገረው ፍርሃት ሰውን ያፈዝዛል ወይም ነገሩን ጭራሽ እንዳያስበው ያደርገዋል። ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በ1965 ያሳተሙት የየል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን ነጥሎ አሳይቷል። ለተማሪዎች ስለ ቴታነስ በሽታ የሚያስፈራ ጽሑፍ ሰጥተው ክትባት እንዲወስዱ መከሯቸው፤ ሄደው የተከተቡት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ለሌሎቹ ከጽሑፉ ጋር የክሊኒኩን ካርታ ሰጥተው በየትኛው ሰዓት እንደሚሄዱ እንዲያስቡበት ሲያደርጉ፣ የተከተቡት ከመቶ 28 ያህል ሆኑ። ክሊኒኩ የት እንዳለ ግን ብዙዎቹ ድሮም ያውቁ ነበር። የሚያስፈራውን ጽሑፍ ሳያነቡ ዕቅዱን ብቻ ያገኙት ደግሞ ንቅንቅ አላሉም። ፍርሃት ያለ ዕቅድ ባዶ ነው፤ ዕቅድም ያለ ፍርሃት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሰውን ከፍርሃቱ ማስጣል ጉልበቱን መቀማት ነው፤ የሚሻለው መንገዱን ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ከንቱ ማስጠንቀቂያ ነው። «ባለፈው ጊዜ ውጡ ብለውን ምንም አልሆነም» የሚለው አነጋገር በየቦታው ይሰማል። ኒውዮርክ ለዚህ የታወቀች ምሳሌ ናት። በኦገስት 2011 አይሪን ስትቃረብ ከተማዋ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በባሕር ዳር ቀጠናዎች የሚኖሩ ወደ 370 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ውጡ ብላ አዘዘች። አይሪን ደክማ ስለደረሰች ከተማዋ እምብዛም አልተጎዳችም፤ ብዙዎችም ተጋነነብን አሉ። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር 29 ሳንዲ መጣች። በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ ባሕሩ እስከዚያ ቀን ተመዝግቦ ከማያውቅ ከፍታ ደረሰ። በከተማዋ 43 ሰዎች ሞቱ፤ ሰጥመው ከሞቱት ብዙዎቹ ያለቁት ውጡ በተባለው ቀጠና፣ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነበር። ታሪኩ የከንቱ ማስጠንቀቂያን ጉዳት የሚያረጋግጥ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ «ምንም ያላደረገችው» አይሪን ባሕር በሌላት በቨርሞንት ግዛት መንገድና ድልድይ ጠራርጋ ወስዳለች፤ ማስጠንቀቂያው ከንቱ የመሰለው ውኃው ሌላ ቦታ ስለወረደ ነው። ሁለተኛ፣ ክርስቲን ዳውና ሱዛን ከተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 ቤርታና ፍራን የተባሉት ሃሪኬኖች ተከታትለው በመጡባት በካሮላይና የባሕር ዳርቻ እንዳጠኑት፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሳይሠምር መቅረቱ ሰዎች በሁለተኛው ጊዜ ለመውጣት ወይም ለመቅረት ባደረጉት ውሳኔ ላይ ያን ያህል አልከበደም። ሰዎች ይበልጥ የሚያመዛዝኑት የራሳቸው ቤት ያሰጋል ወይስ አያሰጋም የሚለውን ነው። ይህም ወደ ዋናው ነጥባችን ይመልሰናል፤ ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ሰዉ የራሱን ቤትና ውኃውን አገናኝቶ ሲያይበት ነው።

ሦስተኛው ክርክር «ይህ ሁሉ የልምድ ማጣት ነው፤ ሁለት ሦስት ሃሪኬን ያየ ሰው አይጨነቅም» የሚል ነው። ልምድ እጅን እንደሚያፍታታ አይካድም። ልብን ያረጋጋል ማለት ግን አይደለም። ዳና ሮዝ ጋርፊን፣ ሮክሳን ኮኸን ሲልቨርና ባልደረቦቻቸው በፍሎሪዳ ከሃሪኬን ኧርማና ከሃሪኬን ማይክል ጋር በተያያዘ ተመሳሳይ ሰዎችን ተከታትለው ባጠኑትና በ2022 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በተደጋጋሚ ለሃሪኬን የተጋለጡት የአእምሮ ጤና ምልክቶቻቸው እየባሱ እንጂ እየቀነሱ አልሄዱም። ከዚያው የተመራማሪዎች ክበብ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስለ መገናኛ ብዙኃን ይናገራል፤ ከ2013ቱ የቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዜናውን ሲከታተሉ የሰነበቱ ሰዎች በቦታው ከነበሩት የበለጠ የጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። በሃሪኬን ጊዜም ካርታውን በየአምስት ደቂቃው ማየት ዝግጅት ይመስላል እንጂ ዝግጅት አይደለም። ማዕከሉ መደበኛ መግለጫውን የሚያወጣው በስድስት ሰዓት አንድ ጊዜ ነው፤ አደጋው ሲቃረብ መካከለኛ መግለጫ ይጨምራል። መግለጫ በወጣ ጊዜ ሰምቶ ወደ ሥራ መመለስ ይበቃል። የስልኩ የአደጋ ጊዜ ማንቂያ ግን ሌሊትም ቢሆን ክፍት ይሁን፤ ደራሽ ጎርፍ ሰው በተኛበትም ሊደርስ ይችላልና።

አራተኛውና እኔም በጣም የማከብረው ክርክር የአቅም ጉዳይ ነው። «ውጡ» ሲባል መኪና የሌለው፣ የሆቴል የማይከፍል፣ ከሥራ ቢቀር የሚባረር ሰው ምን ያድርግ? በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንስ? በኦክቶበር 2021 ሻሂን የተባለው አውሎ ነፋስ ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ነገር ያላየውን የኦማን ሰሜናዊ ዳርቻ ሲመታ፣ የመውጣትና ያለመውጣት ውሳኔ በእጃቸው ያልነበረ ሠራተኞች ብዙ እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። እዚህ ላይ የግል ዝግጅት ብቻውን እንደማይበቃ መቀበል አለብን። በኒውዮርክ ቤዝመንት ከሞቱት በርካቶቹ ስደተኞች ነበሩ፤ ስልክ ላይ የተላከው ማስጠንቀቂያም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ይህ መብት በአደጋ ጊዜም እንዲሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚያ ባሻገር እኛ ጥሩ ልማድ አለን። ዕድርና ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የስልክ ዝርዝር አላቸው፤ ማን አረጋዊ እንደሆነ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ቤዝመንት እንደተከራየ ያውቃሉ። ለቅሶ ሲሆን በሰዓታት ውስጥ ድንኳን የሚተክል ሕዝብ፣ ሞት ሳይመጣ በአንድ ምሽት ሃያ ስልክ መደወል አያቅተውም። «ፈጣሪ ያውቃል» ለሚሉ ምእመናንም ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ጎረቤትን ማንቃት ራሱ ከሃይማኖት ግዴታ ይቆጠራል።

እንግዲህ ፍርሃቱን ወደ ሥራ እንለውጠው። የአሜሪካ የአደጋ ባለሙያዎች አንድ አጭር ብሂል አላቸው፤ ከውኃ ሽሽ፣ ከነፋስ ተደበቅ። ባሕር ዳር ወይም ወንዝ ዳር ያለ፣ በምድር ቤት ያለ ሰው ቦታ ይለውጣል፤ የግድ ሌላ ግዛት ድረስ መንዳት የለበትም፣ አንዳንዴ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ያለ ዘመድ ቤት ይበቃል። ከውኃ የራቀና ጽኑ ቤት ያለው ከመስኮት ርቆ ውስጠኛው ክፍል ይቀመጣል። መኪናን በተመለከተ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የሚፈስ ውኃ ብዙውን መኪና ይወስዳል፤ ሌሊት ደግሞ ከውኃው ሥር መንገዱ ይኑር አይኑር አይታይም። ሌላው መዘንጋት የሌለበት ሞት አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ነው። በሳንዲ ጊዜ 50 ያህል ሰዎች የሞቱት መብራት ለቀናት በመጥፋቱ ነው፤ በብርድ፣ በጨለማ በመውደቅ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ ደጅ ይቀመጥ። ለእኛ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። መብራት ሲጠፋ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት ወይም ቤት ማሞቅ እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ መስኮቱ ለዝናብ ግጥም ተደርጎ በተዘጋ አፓርትመንት ውስጥ ግን ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ ቤተሰብ ይፈጃል። ከሰሉ ደጅ ካልሆነ አይያዝ። ከዚህ ሌላ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውኃ፣ የሳምንት መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይዘጋጅ። ዝርዝሩ አጭር ነው። እያንዳንዱ ነገር ሲጠናቀቅ ያልተመለሱት ጥያቄዎች በአንድ ይቀንሳሉ፤ ጭንቀቱም አብሮ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ አድርጎም ልቡ አልረጋ የሚል ሰው ይኖራል። የተጨነቁ ልጆች ካሉ የሚጠይቁትን በእውነት መመለስ፣ «ጎርፍ ቢመጣ እዚህ ሄደን እናድራለን» ብሎ ዕቅዱን ማስረዳት፣ ሻንጣቸውን ራሳቸው እንዲያዘጋጁ መፍቀድ ይረዳቸዋል። እንቅልፍ ማጣቱና የልብ ድንጋጤው አውሎ ነፋሱ ካለፈ ሳምንታት በኋላም ከቀጠለ፣ በተለይ ከስደት መንገድ ወይም ከጦርነት የተረፈ ትዝታ ያለው ሰው ከሆነ፣ ሐኪም ማማከር ይገባዋል። ሰውነት የቆየውን አደጋ ከአዲሱ ጋር ይቀላቅላል፤ ሕክምናም አለው።

ሃሪኬን የማያውቁ አካባቢዎች ዝርዝር ወደፊት እንደ ዛሬው አይቆይም። የሞቀ ውቅያኖስ የበለጠ እርጥበት ስለሚሰጥና የሞቀ አየርም ስለሚሸከመው ከአንድ አውሎ ነፋስ የሚወርደው ዝናብ እየጨመረ እንደሚሄድ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ይስማማሉ። በጎረቤታችንም በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ጅቡቲንና ሶማሌላንድን በጎርፍ መታ፤ በኖቬምበር 2020 ደግሞ ጋቲ በሶማሊያ ከተመዘገቡት ሁሉ የበረታው ሆኖ ፑንትላንድን መታ። «እዚህ መጥቶ አያውቅም» የሚለው መጽናኛ በየጊዜው እየሳሳ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በሚቀጥለው ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ የምትጨነቁ አድማጮች፣ ጭንቀታችሁን አትናቁት፤ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ውኃው ወደ እኔ የሚመጣው በየት በኩል ነው? መልሱን ካገኛችሁ የሚቀጥለውን እርምጃ ታውቁታላችሁ፤ ካላገኛችሁም የምትደውሉለትን ሰው ዛሬውኑ ምረጡ።